የግሪክን ታሪክ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ወደ ብልባላ

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ላሊበላ

ስድስት ክንድ አቡጀዲ ጠቅልዬ በትከሻዬ ተሸክሜ ከቤቴ ወጣሁ። በጨርቁ ላይ የጥንት ግሪክ ታሪክ ከትሮይ ጦርነት እስከ እስክንድር ሞት ድረስ ተስሏል። ሥዕሉም ጽሑፉም የእኔ ነው፤ አሥር ወር ፈጅቶብኛል። ብልባላ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሊሰቀል ነው። የታሪክ አስተማሪዋ መምህርት ዘውድነሽ ደውላ፣ “አባባ ይርጋ፣ ወላጆችም ተጠርተዋል፤ እርስዎ ራስዎ ቆመው ያስረዱልናል” ብላኛለች።

ለማያውቀኝ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ አርባ ዓመት ቱሪስት አስጎብኝቻለሁ። እንግሊዝኛውን ከአፋቸው ለቀምኩ፤ የግሪክን ታሪክ ደግሞ በየሆቴሉ ጥለዋቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት። በላስታ ምድር ስለ ማራቶን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣ እላለሁ፤ እስካሁን የመጣ የለም።

ባለቤቴ ስንዱ በር ላይ ቆማ፣ “ሰው እንዳታደክም፤ ባጭሩ ተናገር” አለችኝ።

“የሺህ ዓመት ታሪክ ባጭሩ አይነገርም” ብያት ሄድኩ።

በመንገድ ላይ

ሚኒባሱ 200 ብር አስከፈለኝ፤ ለአቡጀዲው ግን ሾፌሩ ምሮኛል። በስተቀኛችን የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጭጋጉን ገና አላወለቀም። ከመንገዱ በታች ገብስ እየታጨደ ነው፤ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። አቧራው በመስኮቱ ገብቶ ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን።

አጠገቤ የተቀመጠችው ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። እትዬ ጦቢያ ይሏታል።

“አባባ፣ ምንጣፍ ነው?”

“ግሪክ ነው” አልኳት፤ ጠየቀችኝና የትሮይን ፈረስ አወራሁላት። ግሪኮች ከተማዋን አሥር ዓመት ከበው አልሆን ሲላቸው ትልቅ የእንጨት ፈረስ ሠርተው፣ ወታደር ሆዱ ውስጥ ደብቀው፣ የሄዱ መስለው በሩ ላይ እንደተዉት፤ የከተማዋም ሰዎች እየዘፈኑ ጎትተው እንዳስገቡት።

“አሥር ዓመት ሲወጋቸው የኖረ ጠላት የተወውን፣ ውስጡን ሳያዩ?” አለች። “እኔ እንኳን ፈረስ፣ በግ ስገዛ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ። ለመሆኑ እውነት ነው ወይስ ተረት?”

“ጦርነቱ የነበረ ይመስላል፤ ፈረሱ ተረት ነው። እኔ ተረቱን በቀይ፣ ታሪኩን በጥቁር ነው የጻፍኩት። አቴናውያን ማራቶን ላይ ፋርስን ማሸነፋቸው ጥቁር ነው። ድሉን ሊያበስር ሮጦ ደርሶ የሞተው ሰው ግን ቀይ ነው፤ ወሬው የተጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና።”

ሾፌሩ በመስተዋት አየኝና፣ “እኔ ማራቶን ሩጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር” አለ። እንዲህ ነው፤ በተቀመጥኩበት ሁሉ ሰው ይማራል።

2 ሰዓት ተኩል፣ ብልባላ

የገበያ ቀን ነው። አህያው ከሰው ይበዛል። ሽሮ በ80 ብር በላሁ፤ በርበሬው ጥሩ ነበር። እስከ አራት ሰዓት ጊዜ ስለነበረኝ የኔታ ላእከን ልጠይቅ ሄድኩ። ዳዊት አብረን ደግመናል። እኔ ወጣሁ፤ እሳቸው ቀርተው የባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቁጥር፣ መምህር ሆኑ። ከሚያስተምሩበት ወይራ ሥር አቡጀዲውን ዘረጋሁላቸው። የዘረጋሁት እንዲያደንቁልኝ ነው እንጂ እንዲያርሙኝ አልነበረም።

ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ በመቋሚያቸው ጫፍ ነኩት።

“ይህ 482 ምንድን ነው?”

“ማራቶን ነው፣ የኔታ። ፈረንጆች ከልደት በፊት 490 ይላሉ። እኔ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። የእኛ ዘመን ስለሚያንስ ከሁሉም ላይ ስምንት ስምንት ቀነስኩ።”

“ከሁሉም?”

“ጨርቁ ላይ ከጻፍኳቸው አሥራ አራት ዓመቶች ሁሉ።”

ሦስት ጠጠር አነሡ። አንዱን እግራቸው ሥር አኖሩ፤ “ይህ ዛሬ ነው።” ሁለተኛውን ራቅ አድርገው፣ “ይህ ልደት በእኛ ቁጥር።” ሦስተኛውን ከዚያ ጥቂት ወዲያ አደረጉና፣ “ይህ ልደት በፈረንጅ ቁጥር” አሉ። መቋሚያቸውን ከሁሉም ማዶ ተከሉ። “ማራቶን እዚህ ነው። ለየትኛው ልደት ይቀርባል?”

አየሁ። “ለፈረንጁ።”

“እንግዲያ ከእኛው?”

“ይርቃል። መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነበረብኝ።”

“በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከምናምን ነው። ሰባት ጨምር፤ 497 ይሆናል። አንተ አሥራ አምስት ዓመት አዘገየኸው። ያን ሯጭ ይህን ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ አቆይተኸው መሞቱ ምን ይገርማል!” ሳቃቸው ሳል አስከተለ። “ይህን ባሕረ ሐሳብ ልንጀምር ሳምንት ሲቀረን ነው ጥለኸን የሄድከው።”

አቡጀዲውን መጠቅለል ጀመርኩ።

“ስቀለው” አሉኝ። “ማንም አያውቅም። እኔም አልናገርም።”

4 ሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍቱ

መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን አስረዘምኩት። ጨርቁ ግርጌ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ብናገር አሥር ወር የለፋሁበት ስም በአንድ ጠዋት ይሄዳል። ዝም ብል ደግሞ ልጆቹ አሥራ አራቱን ስሕተት ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ ከእኔ በኋላም ግድግዳው ላይ ይኖራል።

መምህርት ዘውድነሽ ጨርቁን በሚስማር አስመታችው። ወላጆች አጨበጨቡ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅሁና፣ “ሥዕሉ መልካም ነው። ዓመቶቹ ግን በሙሉ ስሕተት ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

አንድ አባት ከኋላ፣ “ታዲያ ለምን አሰቀሉት?” አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ሦስት ጠጠር ከግቢ አስመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ የኔታ እንዳሳዩኝ አሳየኋቸው፤ ከሳቸው በተሻለ አስረዳሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ተማሪዎቹ እየተነሡ ደመሩ፤ እኔ በማርከር አሮጌውን እየሰረዝኩ አዲሱን ከጎኑ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ኦሎምፒክ ከ768 ወደ 783፣ የሶቅራጥስ ሞት ከ391 ወደ 406። የተሰረዘውንም ሆን ብዬ እንዲታይ ተውኩት። በመጨረሻ ከስሜ ሥር “አራሚ፦ የኔታ ላእከ” ብዬ ጨመርኩ።

ማታ 12 ሰዓት፣ ቤት

ስንዱ እራት እያቀረበች፣ “ሰው አደከምክ?” አለችኝ።

“አሥራ አራት ስሕተት ይዤ ሄጄ አሥራ አራቱንም አርሜ መጣሁ። እንዲህ ያደረገ ምሁር ታውቂያለሽ?”

“ማን ነገረህ ስሕተቱን?”

ነገርኳት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ያን ያህል አላስረዝመውም፦ ብዙ አውቃለሁ፤ አንዲት ሳምንት ግን ጎድላኛለች። ከሰኞ ጀምሮ ብልባላ፣ ከወይራው ሥር፣ ባሕረ ሐሳብ ልጀምር ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከየኔታ ተማሪዎች ሁሉ ቀድሜ እንደምጨርስ አልጠራጠርም።