የግድግዳችን ቀሪ ግማሽ

ሆሳዕና ከተማ፣ አደባባዩ አጠገብ፣ ወጣቶች ደብተሮችን በሲባጎ አንጠልጥለዋል። መንገደኛው ከእሱ በፊት ያለፈው ሰው በሳለው ላይ የራሱን እየጨመረ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ እርሳስ ቀርጻ ሰጠችኝ። «እማማ፣ አንቺም ሥዕል ሳዪበት» አለችኝ። የተቀረጸው እርሳስ ሽታ ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ጃጁራ መለሰኝ።

መስቀል ሲደርስ እናቴና ጎረቤታችን እትዬ አየለች የሁለቱንም ቤት ግድግዳ በነጭና በቀይ አፈር አብረው ያስጌጡ ነበር። አንዷ የጀመረችውን ሐረግ ሌላዋ ትጨርሰዋለች። አንድ ዓመት ግን ባሎቻቸው በመሬት ወሰን ተጣሉና መገናኘቱ ቀረ። እናቴ የእኛን ግድግዳ እስከ ግማሹ ስላ ቆመች። ከዚያ ያንኑ ግማሽ ሐረግ በትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ ሳለችና «ውሰጂላት፤ ምንም አትበዪ» አለችኝ።

እትዬ አየለች ገጹን ትኩር ብላ አየችው። «የእናትሽ መስመር ዘንድሮም ጠማማ ነው» ብላ ሳቀች። እርሳሱን ገጹ ላይ አሳረፈች። ወዲያው ባሏ ከጓሮ ሲያስል ሰማችና ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ።

ባዶው ግማሽ ላይ አንዲት የእርሳስ ነጥብ ብቻ ነበረች። እናቴ ጣቷን ነጥቧ ላይ አድርጋ «እጇስ መጥቶ ነበር» አለች። ያኔ አልገባኝም። ግድግዳችን በግማሹ ቀረ፤ እናቴና እትዬ አየለችም ሳይነጋገሩ ከዚህ ዓለም አለፉ።

እኔም ባለፈው ሳምንት አደባባዩ አጠገብ በተንጠለጠለው ደብተር ላይ የእናቴን ግማሽ ሐረግ ስዬ ቀሪውን ባዶ ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሳየው የማላውቀው ሰው ጨርሶታል። መስመሩ ጠማማ ነው። አይተው የሚስቁት ሁለቱ ግን የሉም።