ሰላምታ የያዘው መስመር

ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለፊርማ ነው። ግን ለአዲስ ገቢዎቹ ልጆች ሥራውን ንገሪያቸው ተባልኩ፤ ፊት ለፊት መናገር ስለማፍር መጻፉ ይሻለኛል።

ደብረ ብርሃን ስልክ ማዞሪያ የገባሁ ዕለት ኃላፊው ጋሽ በቀለ ሰሌዳው ፊት አስቀመጡኝ። ለየመስመሩ አንዲት ቀዳዳና አንዲት ክዳን አለች። ጎረቤላ ያለ ሰው የስልኩን እጀታ ሲያዞር የጎረቤላ ክዳን ትወድቃለች። ገመድ ትሰኪያለሽ፣ «ማንን ላገናኝ?» ትያለሽ፣ ሌላውን ጫፍ በሚፈለገው ቀዳዳ ሰክተሽ ትደውያለሽ። መነጋገር ሲጀምሩ ከመስመሩ ትወጫለሽ።

«ሦስት ወር እናይሻለን፤ ካልሆነልሽ ወደ አገርሽ ጣርማ በር ነው» አሉኝ። እዚያ ከአባቴ በጎችና ከብርዱ በቀር የሚጠብቀኝ አልነበረም።

መጀመሪያ የወደቀችው የጎረቤላ ክዳን ናት። ነጋዴው ሐጂ ሰዒድ ነበሩ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ! እንዴት አደርሽ? እናት አባትሽ ደህና? ዝናቡስ?»

ሽማግሌ ሰላም ሲል መሀል ይገባል እንዴ? አንድ በአንድ መለስኩ። እሳቸውም ደስ እያላቸው ቀጠሉ። ዐይኔ እያየ ሌሎች ክዳኖች ይወድቃሉ። የሰላ ድንጋይን ዘግይቼ ስሰካ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጮኹብኝ፦

«ጓዲት! ሰላ ድንጋይን ከካርታ አወጣችኋት እንዴ?»

ጋሽ በቀለም «አንቺ ልጅ፣ እዚህ የተቀመጥሽው ልትጠያየቂ ነው?» አሉኝ። አፍሬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። በማግስቱም ያው።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል አንድ የገበያ ቀን ጋሽ በቀለ ከኋላዬ ቆሙ። ሐጂ ሰላምታቸው ከብቶቹ ላይ ደርሷል። የሰላ ድንጋይ ክዳን ወደቀች።

«ሐጂ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አልኩና ገመዳቸውን ሳልነቅል ወደዚያ ዞርኩ። የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ምጥ ለጠናባት ሴት ከሆስፒታል መኪና ትለምናለች። አገናኘኋት። ቀጥላ የወደቀችውን የጣርማ በርንም አገናኘሁ።

ስመለስ ሐጂ መሄዴን እንኳ አላወቁም።

«ጥጆቹስ?» ይላሉ።

«ደህና ናቸው ሐጂ። ማንን ላገናኝ?»

«ወይ ጉድ! ለካ ለጉዳይ ነው የደወልኩት!» ብለው ሳቁ።

ሥራው ይኸው ነው። ክዳን ስትወድቅ አይቶ ማገናኘት፣ ከዚያ መውጣት። አንዱን እስከ መጨረሻው ለመስማት ሌላውን ማስጠበቅ አይገባም።

ጋሽ በቀለ ኮታቸውን ለበሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ሰኞ የጠዋቱ ተራ ያንቺ ነው፤ እንዳታረፍጂ።»