የማይጮኸውን ስጠኝ

ሻጩን ገና ሳየው ጠላሁት። ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ስልኩን ይጎረጉራል፤ ገብቼ ብቆምም ቀና አላለም። መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ካሜራና የሌባ ደወል የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን በእግሬ ወጥቼ፣ ጉልበቴን እያሸሁ ነበር የደረስኩት። «ልጄ፣ ሥራ ላይ ነህ ወይስ እረፍት ወጥተሃል?» አልኩት። ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንደሱ ያለውን ከኋላ ወንበር ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ምን ነበር ማዘር?» አለ።

«ማዘርህ ቤቷ ናት። እኔ ደወል ልገዛ ነው የመጣሁት።»

ደወሉ ለእናቴ ነው። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ከሾላ ገበያ በላይ፣ ታክሲው ካራገፈ በኋላ ዳገቱን በእግር ተወጥቶ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጥግ ላይ፣ ሦስታችንን በወለደችበት የጭቃ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ያለሁት አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ነይ አብረን እንኑር ብዬ ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አልቅሼባታለሁ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ምን ልሆን? ርግብ ነኝ?» ትለኛለች። ባለፈው ክረምት እሷ ቅዳሴ በሄደችበት ሌባ ገብቶ ቴሌቪዥኑንና የጋዝ ሲሊንደሩን ይዞ ሄደ። ዕቃውስ ዕዳው ገብስ ነው። ቤት ውስጥ ብትሆን ኖሮስ? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞም የበኩር ልጅ ነኝ፤ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ቀድሜ መድረስ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ሻጩ እየተጎተተ ተነሥቶ ሦስት ሣጥኖች መስታወቱ ላይ ደረደረልኝ። ፓነል ይላቸዋል። በርና መስኮት ላይ የሚለጠፉት ነገሮች ሌባ ሲገባ ለፓነሉ ይነግሩታል፣ ፓነሉ ደግሞ ለሰው ይናገራል፤ ስለዚህ ዋናው እሱ ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው አለኝ። የመጀመሪያው በሽቦ የሚሠራ ነው፤ ግድግዳ መብሳት ይፈልጋል። «የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ብትበሳው ከነጭዱ ይወርድብሃል» አልኩት። ሁለተኛው ዋይፋይ ይፈልጋል። «እናቴ ዋይፋይ ብትላት፣ በምን ይበላል ነው የምትልህ» አልኩት። ሦስተኛው ሲም ካርድ ይገባበታል፤ መብራት ሲጠፋም በራሱ ባትሪ ይቆያል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቁልፍ አለው፤ ሰው ወድቆም ሆነ ፈርቶ ሲጫነው፣ ፓነሉ ወደተመዘገቡለት ስድስት ስልኮች በየተራ ይደውላል። አንዱ ካነሣ ግን ቀሪዎቹን ይተዋል።

«ይሄ ይሁን» አልኩት።

«ይሄ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው» አለና ትንሽ ነቃ አለ። «አንዱ ከውጭ የሚሰቀል ሳይረን አለው። ቁልፉን እንደነኩት ሰፈሩን በሙሉ ነው የሚያስነሣው። አንዱ ግን ድምፅ የለውም፣ ለስልክ ብቻ ነው የሚነግረው። እሱን አልመክርዎትም።»

«ለምን?»

«ጎረቤት አይሰማውማ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ?»

ደሜ ፈላ። «ደግሞ ተረት ልትሸጥልኝ ነው? የማይጮኸውን ስጠኝ» አልኩት።

ልጁ በምን ይወቀው። የእናቴ ጎረቤት ማለት ለኔ የዓይን ብሌን ላይ የገባ ጉድፍ ነው። አብሮ አደጌ ነው፤ በአንድ አጥር ጥግና ጥግ ነው ያደግነው። አባቴ በታመመበት ዓመት ማታ ማታ እየመጣ የሚያገላብጠው እሱ ነበር፤ እኔም ከሥራ ሆኜ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እሱ ጋ ነበር የምደውለው። አባቴ ያረፈ ዕለትም በጠዋት የደወለልኝ እሱ ነው። «አባባ ትንሽ ደክመዋል፣ ብትመጪ ይሻላል» አለኝ። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ያውቃል። ይህን አልክድም።

የአባቴ ዓርባ በወጣ በሳምንቱ ወደ ቤት ስሄድ ግን አጥሩ ጥግ የነበሩት ሦስቱ ባሕር ዛፎች የሉም። አባቴ እያንዳንዳችን ስንወለድ አንድ አንድ እያደረገ የተከላቸው ናቸው። ሰውዬው ቆርጦ ጥሏቸው፣ በቦታው የብሎኬት አጥር እያስገነባ፣ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ያስተክላል። የአባቴ መቃብር አፈሩ እንኳን አልደረቀም ነበር! እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ግንበኞቹ እየሰሙ፣ «ካሁን ወዲያ ከአፌ አንዲት ቃል ብሰጥህ፣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ብዬ ማልኩ። ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ ደጅ ላይ ስንተላለፍ እሱ እንደሚያሽሟጥጥ ጎንበስ ይላል፣ እኔ ፊቴን ወደ ዳገቱ አዞራለሁ። እንግዲህ ያ ሳይረን ቢጮህ ማን ነው ቀድሞ እናቴ ግቢ የሚገባው? እሱ! ከዚያማ «እኔ ባልኖር ኖሮ» ሊል ነው። ሞቼ ነው ቆሜ!

ቅዳሜ ዕለት ሻጩ ራሱ ሊገጥም መጣ። ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ደስ አለኝ። እናቴ ግን ገና ከመግባቱ ውኃ ሰጠችው፣ ከየት ሰፈር እንደሆነ ጠየቀችው፣ እሱም «እማማ፣ እማማ» እያለ በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆነ። ድንቄም ጨዋ! ፓነሉን ከአልጋዋ በላይ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ፓነሉ ሲደውል የሚያሰማውን መልእክት በራሷ ድምፅ እንድትናገር ጠየቃት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፎቶ እንደምትነሣ ሁሉ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «እኔ ነኝ፤ ድረሱልኝ» አለች።

ስልኮቹን አስመዘገብኩ። አንደኛ እኔ፣ ሁለተኛ ወንድሜ፣ ሦስተኛ እህቴ፣ አራተኛ ባለቤቴ፣ አምስተኛ የወንድሜ ሚስት።

«ስድስተኛውስ?» አለ ልጁ።

«ባዶ ይሁን።»

እናቴ ወደ እኔ አየች፣ ወደ አጥሩ አየች። ልጁ ቁልፉን ሲጫነው ስልኬ እጄ ላይ ጠራ፤ የእናቴ ድምፅ ወጣ። እኔ በደስታ ሳቅሁ። እናቴ «አጠገቡ ቆሞማ ማን አይደርስ» ብላ ሽሮዋን ልታማስል ገባች። ምቀኝነት ነው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ዕለት፣ አራት ሰዓት ግድም፣ የመምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ፈተና አርማለሁ። ስልኬ ጠራ። አነሣሁት። «እኔ ነኝ፤ ድረሱልኝ።»

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። እሷ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምኩ፤ አይነሣም። ወንድሜ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። እህቴ ስልኳን ዘግታለች። ባለቤቴና የወንድሜ ሚስት ከኔ የባሰ ሩቅ ናቸው። ፓነሉ እንደሆነ እኔ ስላነሣሁለት ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ዝም ብሏል። ጃኬቴን እንኳን ሳልይዝ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ታክሲው መገናኛ ሲደርስ ቆመ። ቆመ ስል ቆመ ነው፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው። «ምን ሆነህ ነው የማትነዳው?» ብዬ ጮህኩበት። ረዳቱ «እትዬ፣ ክንፍ እናውጣ እንዴ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ሁሉንም ባንድነት ረገምኳቸው።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው የጎረቤቱ ቁጥር የመጣብኝ። ከስልኬ አጥፍቼው ነበር፤ ከጭንቅላቴ ግን አልጠፋም። አሥሩም ቁጥር ተሰልፎ መጣልኝ። አንዴ ብደውልለት በሁለት ደቂቃ እናቴ ዘንድ ነው። ይህን አላወቅሁም አልልም፤ አውቄአለሁ። ጣቴ ዜሮ ዘጠኝ ላይ ደረሰ። ከዚያ ግንበኞቹ ፊት የማልኩት መሐላ ትዝ አለኝ፣ የተጋደሙት ዛፎች ትዝ አሉኝ፣ ጎንበስ የሚላት ነገር ትዝ አለችኝና ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ ወድቃ ይሆናል እያልኩ ነው የከተትኩት።

ሾላ ስደርስ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። የበርበሬ ጆንያ ላይ ተደናቅፌ አንዷን ነጋዴ ገፍትሬ ልጥላት ነበር፤ ሰደበችኝ፣ ሰደብኳት። ዳገቱን ግማሹን ሮጥኩ፣ ግማሹን ግድግዳ እየደገፍኩ ወጣሁት። የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

እናቴ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይዋን እየሞቀች፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላለች። የግድግዳ ሰዓቷን አውርዳ ታቅፋዋለች። አጠገቧ ያ ጎረቤት ቆሟል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። መዳፉ በእናቴ የራስ ሻሽ ተጠቅልሎ ደሙ በሻሹ ላይ ወጥቷል።

«አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀብሽ» አለች እናቴ፣ ሰዓቱን አየት አድርጋ።

«ምን ሆንሽ? ምንሽን ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ያንቺን ዕቃ ተጫንኩት። ሰዓቴን አውርጄ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩሽ። ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ። አልመጣሽም። ከዚያ ደግሞ የራሴን ልሞክር አልኩ።»

«የራስሽን ምን?»

«ኡኡ አልኩ። አንዴ ነው ያልኩት። ሁለተኛውን ሳልል ይሄ ልጅ በአጥሩ ዘሎ ገባ።»

በራሱ አጥር፣ ራሱ ባስተከለው ጠርሙስ ላይ እጁን ጥሎ። መሬት መሬት እያየ፣ «ልደውልልሽ ብዬ ነበር፤ እትዬ ከለከሉኝ» አለኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ቁጥሬ አልጠፋበትም ማለት ነው።

እኔ ግን እንደ እብድ ጮህኩ። «ልትገዪኝ ነው እንዴ? ጨዋታ ነው? ልቤ ቢቆምስ?»

«የኔስ ቢቆም?» አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ሰውዬው «በሉ እትዬ፣ እኔ ልሂድ» አለ። «የትም አትሄድም፣ ቁም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዛፎቹን ቁረጥልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የሰኔው ነፋስ ያንቺን ዛፍ ጣራዬ ላይ አዝምሞት ነበር፤ ተኝቼ በላዬ ይንቋቋል። አባትሽ በሕይወት እያለ አልደፈርኩም። ሲያልፍ አስቆረጥኩ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? ሰባት ዓመት!»

«አፌን ሳልከፍት ምለሽ ተገኘሽ። የአባትሽን አጥንት ጠርተሽ ማልሽ፣ ያውም በሰው ፊት። ብነግርሽ መሐላሽን በከንቱ አደርገዋለሁ፣ ብተወው ይሄ ልጅ ይጠቃል። ‹ዝም በሉ፣ እኔ እችለዋለሁ› ያለኝ እሱ ነው። በየዓመቱ አባትሽ መቃብር፣ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ወጥተሽ ሻማ ታበሪያለሽ፤ ስትመለሺ እሱን ረግጠሽ ታልፊያለሽ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ስገጂ ይሉሻል፣ ትሰግጃለሽ።»

ጉልበቴ እንደማይችል ልነግራት ፈልጌ ነበር። ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። እሷን ነው? እሱን ነው? ሰባት ዓመት ጎንበስ ሲል ሰላምታው እንጂ ማሽሟጠጥ አልነበረም ማለት ነው። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ቢሆንም ፊቴን አላለሰለስኩም፣ አልችልበትም።

«ስድስተኛው ባዶ ነው ብለሽ አልነበር?» አለች እናቴ። «ሙዪው።»

ስልኬን አወጣሁ። ሻጩ ቁጥር ለመቀየር ለፓነሉ ሲም ምን ተብሎ መልእክት እንደሚጻፍ አሳይቶኛል። ስድስት ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የእሱን ቁጥር ከዜሮ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ጻፍኩና ላክሁት። በሁለተኛው መልእክት ራሴን ስድስተኛ አደረግሁ። ቤት ውስጥ ፓነሉ ሁለት ጊዜ ጢጥ አለ።

ቀና ስል ሁለቱም እያዩኝ ነው። ሰውዬው ዓይኑን ሰበረ። እናቴ ግን አልሰበረችም።

«ቁጥሩን አልጠየቅሽውም» አለች።

«በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«ታክሲ ውስጥ ሆነሽም ታውቂው ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ሰዓቷን ታቅፋ፣ ምሰሶውን ይዛ ተነሣች፣ ከምስማሩ ላይ መልሳ ልትሰቅለው ወደ ውስጥ ገባች።