ቲቸር በቀለ ሐይቅ ያዩ ዕለት

ንጋት፣ አሰላ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የጭላሎ ተራራ ገና ጉሙን አልገለጠም። እኛ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በጨርቅ ቋጥረን፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በቆመው የእህል መኪና ላይ እንጋፋለን።

«እናንተ! ስንዴ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም!» ይላሉ ሾፌሩ ጋሽ ደበላ። ማን ይሰማቸዋል? ዛሬ ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንወርዳለን። ከመሃላችን ከኩሬ የሰፋ ውሃ ያየ የለም።

ነገሩ የተጀመረው በጠመኔ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን ቲቸር በቀለ መጽሐፍ ሳያዩ ዝዋይን ከነደሴቶቹ ሰሌዳ ላይ ሣሉልን። ጓደኛዬ ሐሊማ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ውሃው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?»

ቲቸር ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ። «እንጃ ልጄ» አሉ። «አይቼው አላውቅም።»

በቆጂ ተወልደው፣ አሰላ ተምረው፣ አሰላ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው! ክረምት በመጣ ቁጥር አንዴ ዘመቻ፣ አንዴ ስብሰባ፣ ያቺን ቁልቁለት ሳይወርዷት ፀጉራቸው ሸበተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር ያዘው፤ ቲቸርን ሐይቅ ማሳየት።

ታዲያ ያኔ በደርግ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። የቀበሌው ጸሐፊ ማመልከቻችንን አነበበና «ሽርሽር የከበርቴ ልማድ ነው» ብሎ መለሰብን። ጽሕፈቴ ቆንጆ ስለሆነ ሁለተኛውን እኔ ጻፍኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ለዓሣ ሀብት ጥናት» አልኩ። ማኅተሙ ዱብ አለበት! ከሥሩ ግን «የጥናቱ ውጤት ቡድኑ ሲመለስ ለኬላው በጽሑፍ ይቀርባል» የሚል ተጨመረ። ዋስ ሆነው የፈረሙት ቲቸር በቀለ ናቸው። ሲፈርሙ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። እኔ በብልጠቴ ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

2 ሰዓት ተኩል፣ ኦጎልቾ

ቁልቁለት፣ አቧራ፣ ግራር፣ እንደገና አቧራ። ሹራቦቹ አንድ በአንድ እየወለቁ መኪናው ጥግ ተከመሩ። ዘፈን አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ ይወጣል፤ ግጥሙን የማያውቅ ያጨበጭባል። ሁላችንም ቅንድባችን ድረስ ቀይ ሆነናል።

ኦጎልቾ ላይ ወርደን ሻይ በአምባሻ። አምባሻው በስሙኒ፣ ትልቅ፣ ትኩስ። ሐሊማ ጭኮዋን ልታወጣ ቋጠሮዋን ስትፈታ ጮኸች። ቅቤው ቀልጦ ቀሚሷን አጥቦታል! የደጋ ሰው መሆናችን የታወቀው እዚያ ነው፤ በአሰላ ብርድ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ጭኮ በቆላ ፀሐይ ምን እንደሚሆን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ተፈታትሸን ሁላችንም ቅቤ ነን። እስኪያመን ሳቅን።

ቲቸር ጋቢና ውስጥ ናቸው። ኮት ለብሰዋል፣ ጫማቸውን ቀለም ቀብተዋል። መኪናው በታጠፈ ቁጥር «ደረስን?» ይላሉ።

«ካርታውን የሚያውቁት እርስዎ፣ የሚጠየቀው እኔ!» ይላሉ ጋሽ ደበላ።

4 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሐይቁ ዳር

ከፊታችን መሬቱ አለቀ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ጀመረ። ጩኸታችን መኪናውን ነቀነቀው። ቲቸር ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁ። ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ግን ጭብጨባ ተነሣ። የመንደሩ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጠብቀናል። ለካ የደብዳቤዬ ግልባጭ ከቀበሌ ተልኮ ቀድሞን ደርሷል!

«በጋ ነጋን ዱፍተን!» አሉ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ቱፋ፤ ቀጥለውም «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጓድ ተመራማሪዎች!»

ተመራማሪዎች! ሐሊማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ወደ አዳራሽ ገባን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ ምድጃ። መስኮቶቹ በሙሉ ወደ ኮረብታው ያያሉ። ሐይቁ ከጀርባችን ካለው ግድግዳ ወዲያ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ሽታው ይመጣል፣ እሱ ግን የለም። ጓድ ቱፋ ስለ ቆሮሶ ዓሣ ነገሩን። ስለ አምባዛ ነገሩን። ስለ መረብ ቀዳዳ፣ ስለ ጨው አነሰናነስ፣ ስለ ማድረቂያ ቆጥ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሌሊቱን ሲዘጋጁ እንዳደሩ ያስታውቃል። ቲቸር ዋስ ናቸውና ከፊት ተቀምጠው እያላባቸው ይጽፋሉ። አንዳንዴ ግን ብዕራቸው ይቆምና ጆሯቸው ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ደበላ በበሩ ብቅ አሉ። «ስምንት ሰዓት ላይ ሞተር አስነሣለሁ። ኬላ ከተዘጋብን የጅብ ራት ነን።»

ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ስንት ዘመን የጠበቁት ውሃ በር ላይ ደርሰው፣ በእኔ ቆንጆ ጽሕፈት ምክንያት ሳይነኩት ሊመለሱ ነው! ማልቀስ አማረኝ።

«አሁን ወደ ሁለተኛው ርዕስ…» አሉ ጓድ ቱፋ።

ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ የውሃው ጥልቀት ስንት ነው?»

«ጥልቀቱ… እንደ ቦታው ነው፣ ልጄ።»

«ሳይለካ ታዲያ ጥናቱ ጎዶሎ አይሆንም? ቲቸር ፈርመዋል እኮ!»

ጓድ ቱፋ ወረቀታቸውን አዩ፣ ቲቸርን አዩ፣ ራሳቸውን አከኩ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ተነሡ፣ እንለካ!»

አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ ባዶ ሆነ።

7 ሰዓት፣ ውሃው ጫፍ

እኛ ከነልብሳችን ገባን። ጮህን፣ ተረጫጨን፣ ወደቅን፣ ተነሣን። ቲቸር ግን ጫማቸው ሳይነካ ደረቁ ላይ ቆመዋል።

«ቲቸር፣ ይግቡ እንጂ!»

«ግድ የለም፣ እኔ ሹራባችሁን ልጠብቅ።»

ፈርተዋል። ፊታቸው ላይ ይታያል። ሐሊማ እየተንጠባጠበች ወጥታ ፊታቸው ቆመች። «ቲቸር፣ ጥያቄዬን አልመለሱልኝም። ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?»

ቲቸር ውሃውን አዩ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። ካልሲያቸውን አጣጥፈው ጫማው ውስጥ አስቀመጡ። ሱሪያቸውን ጠቀለሉ። ጓድ ቱፋ እጃቸውን ያዙና በኦሮምኛም በአማርኛም «ኮታ፣ ይምጡ፣ ቀስ» አሏቸው። አንድ እርምጃ። ሁለት። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ እንደ ሕፃን ጮኹ።

«ይሞቃል! ሐሊማ፣ ይሞቃል!»

ይስቃሉ፣ እንባቸው ይወርዳል፣ በሁለት እጃቸው ውሃ እየዘገኑ ወደ ላይ ይረጫሉ። እኛ እንደሆን አብደናል።

ከዚያ በኋላ የተጠበሰ ቆሮሶ በቀለጠ ጭኮ ተለዋወጥን። ጓድ ቱፋ ጣታቸውን ልሰው «እኛ ደግሞ ለጭኮ ሀብት ጥናት አሰላ እንመጣለን» አሉ። ጋሽ ደበላ ጡሩምባ እስኪነፉ ድረስ ማንም ንቅንቅ አላለም።

12 ሰዓት ተኩል፣ የአሰላ ኬላ

ቲቸር ጋቢና እምቢ ብለው፣ የጫማቸውን ክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በባዶ እግራቸው ከእኛ ጋር ከኋላ ተጭነው መጡ። ዘፈኑን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ብርዱ ሲመለስብን ሹራቡን እየተሻማን ለበስን።

የኬላው ገመድ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። አንድ ጢማም የኬላ ጠባቂ የይለፍ ወረቀቱን በባትሪ አየው። «የጥናቱ ውጤት የታል?»

የአዳራሹ ማስታወሻ በኮታቸው ኪስ ውስጥ በሐይቅ ውሃ ርሷል፤ ቀለሙ ሁሉ አንድ ላይ ሆኗል። ቲቸር አንዴ አዩት፣ መልሰው ከተቱት። ብዕር ጠየቁኝና የእኔን ደብተር ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጻፉ። ጠባቂው ጮክ ብሎ አነበበው።

«ጥልቀት፣ እስከ ጉልበት በአካል ተረጋግጧል። ሙቀት፣ ይሞቃል። ቀሪው ጥናት ሌላ ጉዞ ይጠይቃል።»

ባትሪውን አነሣና የቲቸርን ባዶ እግር፣ የተጠቀለለውን ሱሪ፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ጫማ እያበራ አየ። ሰውየው ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ እኔ ወርጄ አላውቅም። እውነት ይሞቃል?»

«ይሞቃል፣ ወንድሜ» አሉት ቲቸር በቀለ፣ ቀጥ ብለው፣ አይቶ እንደሚያውቅ ሰው።

ገመዱ ወረደ።