ልጅ የሚያስተኛ መድኃኒት

አባቴን በሳል ይሞታል ስንል ያዳነው አፍዮን ነው፤ ይህን ሳልናገር ነጋዴውን ብረግም ውሸታም እሆናለሁ። ነጋዴው ከኩርሙክ ጨውና አቡጀዲ በአህያ ጭኖ ይመጣል፣ ወርቃችንን ይዞ ይመለሳል። ከዕቃው መካከል በቅጠል የተጠቀለለ፣ እንደ ዝፍት የጠቆረ ነገር ነበረው። ከዚያ ምስር የምታህል ቆንጥሮ አባቴን አስዋጠው። ሳሉ በዚያው ቀን ቆመ። ይህን መንደሩ በሙሉ አየ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይከልክል?

ለሳል የተጀመረው ለወገብ ሆነ፣ ለተቅማጥ ሆነ፣ በኋላ ያለ ምክንያትም ይዋጥ ጀመር። ማሽላው ከገባ በኋላ ሁላችንም ወንዝ ወርደን ወርቅ እናጥባለን፤ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው የማያመው አጥንት የለውም። ከሆሞሻ እስከ አሶሳ ያልቀመሰው ቤት ፈልጎ ማግኘት ቸገረ። አባቴ ከስቶ በቆዳና በአጥንት ቀረ፣ የሆድ ድርቀት ያሰቃየው ጀመር። ነጋዴው የዘገየ እንደሆነ ያዛጋል፣ እንባና ንፍጡ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እናቴን ይሰድባል። ሲውጥ ደግሞ ደግ ሰው ይሆናል። እኔ ከስድቡ ይልቅ ያንን ደግነቱን ጠላሁት።

እናቶች ለሕፃናት ማላስ የጀመሩት ለሥራው ሲሉ ነው። ልጅ አዝሎ ወርቅ ማጠብ የኛ ሴቶች ልማድ ነው። ልጁ ጀርባ ላይ ሲንፈራገጥ ወርቅ የሚታጠብበት ገበታ ይናወጣል፣ ወርቁም ከአሸዋው ጋር ይሄዳል። በጣት ጫፍ ትንሽ ቢያልሱት ግን ይተኛል። እህቴም የመጀመሪያ ልጇን እንዲህ ታስተኛው ነበር። ጡት መጥባቱን ሲቀንስ አየሁና ተይ አልኳት። አባታችንን ያዳነ ልጄን ይገድላል ወይ ብላ ተቆጣችኝ።

አንድ ሌሊት ልጁ ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ ሲነጫነጭ አደረ። ጠዋት ከወትሮው አብዝታ አላሰችው፤ ወንዝ ስንወርድ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ምን ያለ ጨዋ ልጅ ወለድሽ እያሉ አመሰገኗት፣ እሷም ደስ ብሏት ስታጥብ ዋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኋላዋ ሆኜ ወደ መንደር ስንወጣ፣ ዝንብ ከንፈሩ ላይ አርፋ አየሁ። በእጄ አባረርኳት፤ ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ጉንጩን ነካሁት፣ ቀዝቅዟል።

«አውርጂው» አልኳት።

«ይነቃብኛል» አለችኝ። «ቤት ስንደርስ።»

እዚያው መንገድ ላይ አወረድኩት። የሆነውን ስታይ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሳይመሽ ቀበሩት። እህቴ ፊቷን እየነጨች፣ የሚይዛት ጠፍቶ ስትንከባለል፣ አባቴ ከቤት ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጣቱ ጫፍ ላይ ያችን ጥቁር ነገር ይዟል።

«ዋጪ ልጄ» አላት በዚያ በደግ ድምፁ። «ትንሽ ትተኛለሽ።»

እጁን ልይዝ ዘልዬ ስነሣ እህቴ አፏን ከፍታ ነበር።