የጓደኛዬ ሹሩባ

ለጋ ቅቤ በሸተተኝ ቁጥር የጓደኛዬ ትከሻ ጉልበቶቼ መካከል ያለ ይመስለኛል። ዛሬ ጠዋትም ቅቤ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ ሴት በፀጉር ቤቴ በር ስታልፍ ሽታው ገባና፣ ሚዶዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። ጓደኛዬ የጎረቤታችን የቄሱ ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ የሼኩ የልጅ ልጅ። ዓመት በዓል ሲደርስ፣ የእነሱም ሆነ የእኛ፣ ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነበርኩ። ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሣሩ ላይ ቁጭ ትላለች። ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ቀብቼ በወስፌ ለሁለት ስከፍለው ወሬው ይጀመራል። ከምሳ በኋላ ጀምረን የመግሪብ አዛን ገና ግማሹ ላይ ይደርስብናል። አንዷ መስመር ጠመም ካለችብኝ ፈትቼ እንደገና እጀምራታለሁ።

"ኧረ አንገቴን ገደልሽው!" ትለኛለች። ግን አትነሳም። እኔም እንድትነሳ አልፈልግም ነበር።

ከጅዳ የተመለሰችው አክስቴ አንድ ቀን እንዲህ ሆነን አገኘችን። "ይሄ እጅ እኮ እንጀራ ነው፤ ምን ያስቀምጥሻል?" አለችኝ። ትምህርቴን ስጨርስ በእሷ አጋዥነት እዚሁ መካነ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ፀጉር ቤት ከፈትኩ። ጉራ አይሁንብኝና እጄ የተመሰከረለት ነው። ከከላላ ሙሽራ ይመጣልኛል፤ ከወረኢሉ በአውቶቡስ ተሳፍረው የሚመጡም አሉ። ሌላው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን እኔ በአንድ ሰዓት እጨርሰዋለሁ። እናቴን የማኖራት በዚሁ እጅ ነውና አልጸጸትም።

ግን የጎደለብኝ ነገር እንዳለ ያወቅኩት ጓደኛዬ ዓረብ አገር ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ነው። መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና "እንደ ድሮው ሥሪኝ" አለችኝ። ሁለት ሙሽሮች ተራ ይጠብቁ ነበር። እሷ ታወራለች፤ እኔ "እህ፣ እህ" እያልኩ ዐይኔን ከሙሽሮቹ ላይ አላነሳም። ጨርሼ መስተዋት ሰጠኋት።

"አለቀ?" አለች። የምታየው መስተዋቱን ሳይሆን እኔን ነበር።

"አለቀ። አያምርም?"

"ያምራል። ከድሮው ይበልጥ ያምራል።"

እውነቷን ነው፣ ያምር ነበር። ጉንጬን ስማ ተሰናብታኝ ስትወጣ ግን ከነገረችኝ አንዱንም እንዳልሰማሁ ታወቀኝ። ያ ሁሉ ፀጉር በጣቶቼ መካከል ሲያልፍም ምንም አልተሰማኝም። እየተከፋሁ ተረኛዋን ጠራሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ ተመለሰች። ከስታ፣ ጠቆር ብላ፣ ግን ያው ሳቂታ ናት። ሻሿን ስታወልቅ ፀጉሯ ከጆሮዋ በላይ ተቆርጧል።

"ማዳም አልወደደችውም" አለችኝ።

የሚሠራ ፀጉር አልነበረም። የፀጉር ቤቴን በር ዘጋሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን ስሠራሽ የምትነግሪኝ ምን ነበር?" አልኳት።

ልታስታውስ እየሞከረች የተቆረጠ ፀጉሯን ዳበሰች።

"ወላሂ ረሳሁት" አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ እጇን ያዝኩ።