ብጣሽ ቤት አይዘጋም

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ብጣሽ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚስ ቆርጣ ስትጨርስ ከጠረጴዛው ሥር የወደቀውን ጨርቅ ትለቅምና በየቀለሙ ለይታ ከረጢት ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጎረቤቶቿ ልብስ ሰፊዎች ግን የእነሱን ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ቦይ ይጥሉት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ይደፈንና ውሃው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ጨርቅ ተሸክሞ በሯን አልፎ ይገባል። ልጅ እያለሁ ቀስተ ደመና ቀልጦ የመጣ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ መጥረጊያዋን ይዛ «ይሄ ሁሉ ኪስ ይወጣው ነበር» ትላለች። አንድ ውሃ እያየን እኔ ቀለም አየሁ፣ እሷ ኪስ አየች። እስካሁን ይገርመኛል።

ዘመናዊ ስልክ የገዛች ጊዜ የልብስ ሰፊዎች ግሩፕ ከፈተች። ስሙን «ብጣሽ ቤት» አለችው፤ የተሾፈባትን ስም አንስታ በሩ ላይ ሰቀለችው። ሕጉ ቀላል ነው። የተረፈህን ጨርቅ ከሜትር አጠገብ ዘርግተህ ፎቶ አንሳ፤ የሚፈልገው ይውሰድ። የትራስ ልብስ የምትሰፋው የመጋረጃ ሰፊውን ትራፊ ታገኛለች፤ የተማሪ ልብስ የሚሰፋው ደግሞ ገበሩን። እየቆየ ሥራ የበዛበት ሰው የደንበኞቹን ልኬት እዚያው እየለጠፈ ሥራውን ለሌሎች ማካፈል ጀመረ። ደንበኛዋም «ቀሚሴስ?» ብላ መመላለስ ትታ እጅጌው መገጠሙን ቤቷ ቁጭ ብላ ግሩፑ ላይ በፎቶ ታያለች። ቦዩም ውሃ ብቻ ይዞ መውረድ ጀመረ።

ነገሩ ያልተዋጠለት አንድ ሰው ነበር። ሱቆቹን የሚያከራየው እሱ ነው፤ ከፊት ለፊት ባለው ትልቁ ሱቅ ጨርቅ በጣቃ የሚሸጠውም እሱው ነው። የገበርና የኪስ ጨርቅ ገዢ ሲመናመንበት ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከመም።

አንድ ጠዋት ሱሪ ላሳጥር ሄጄ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ሰውየው መጣና በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ጥላ አያጥሉብኝ። መርፌዬ አልታይ አለኝ» አለችው።

«ይሄን የስልክ ማኅበርሽን ዝጊው።»

«ምን አደረገዎት?»

«ገበያዬን በላው! ሰዉ ከእኔ መግዛት ትቶ ቆሻሻ ይለዋወጣል።»

«ቆሻሻ ከሆነ ታዲያ ምን አስቀናዎት?»

ከእሷ ጋር ክፍሉን ተጋርቶ ሱፍ የሚሰፋው የባሏ ወንድም ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«አትቀልጂብኝ» አለ ሰውየው። «ወይ ግሩፑን ትዘጊያለሽ፣ ወይ ሱቁን ትለቂያለሽ። አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ!»

ያቺ ጠባብ ክፍል ልጆቿን ያሳደገችባት ናት፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፈችው የስንቱ ሰው ወገብና ትከሻ አለ። የባሏ ወንድም ጠጋ ብሎ «በናትሽ ዝጊውና እንገላገል። ነገ ሌላ ትከፍቻለሽ» አላት።

«ነገም መጥተው ዝጊ ይላሉ እኮ።»

መነጽሯን አደረገች። ስልኩን አነሳችና ስሞቹን አንድ በአንድ መንካት ጀመረች። ሰውየው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ደስ እያለው ይጠብቃል። አንገቴን አስግጌ አየሁ። እየሰረዘች አልነበረም። የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋን ነካች፤ አድሚን፣ የግሩፑ ኃላፊ አደረገቻት። መጋረጃ ሰፊውን ነካች፤ አድሚን። ዘላለሟን ጨርቅ ላይ ስትሄድ ያየኋት ጣት እንዲህ ያለ ነገር ማሰቧን ማን ያውቃል! በየሱቁ ያሉት ስልኮች እዚህም እዚያም ጢን ጢን ማለት ጀመሩ፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሊጀምር ሲል እንደሚንጠባጠበው።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ። ሁሉንም ሾምኳቸው። እኔን ቢያባርሩኝም ብጣሽ ቤት አይዘጋም። ለመዝጋት የሁሉንም በር ማንኳኳት ይኖርብዎታል፤ ጉልበቱን ይስጥዎት።»

የሰውየው አንገት ተገታተረ። «ሱቄን ልቀቂ! እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ እሰጥሻለሁ።»

«ጊዜው ለእርስዎ ይቆይልዎት» አለችና ክሯን በጥሳ ተነሳች።

ከረጢቶቿን ስንሰበስብ ስልኳ ላይ «ወጥቷል» የሚል ቃል መጣ፤ ከግሩፑ የወጣው የባሏ ወንድም ነበር። ከእሱ በኋላ የፈሩ ሌሎችም ወጡ። አንብባ ወደ እሱ ዞረች።

«ከግሩፑ ብትወጣም ከዘመድነት አልወጣህም። ያንን ጫፍ ያዝ።»

ቀና ብሎ ሳያያት ማሽኑን አብሮን ተሸከመ።

ወዴት ልትወስደው ይሆን ስል፣ መንገዱን ተሻግራ ከሰውየው የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት፣ የሁሉም በሆነው የእግረኛ መንገድ ላይ አስቀመጠችው። የእግር ማሽን ነው፤ መብራት አይለምንም። ወንበሯን ስባ፣ ጀርባዋን ለሱቁ መስኮት ሰጥታ፣ ያላለቀውን ቀሚስ ቀጠለች። ፀሐዩ ክሩ ላይ ሲያርፍ የምትሰፋው በብርሃን ይመስል ነበር። ሰውየው በሩ ላይ ወጥቶ አያት፤ ገባ፤ እንደገና ወጣ። እሷ ፔዳሉን ትረግጣለች።

የቀሚሱ ባለቤት መጣች። ክፍሉ ውስጥ የአክስቴን ቦታ ባዶ አይታ ደንግጣ ስትዞር ከመንገዱ ማዶ አገኘቻት።

«እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን እሆናለሁ?» ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። «ግቢ ልለካሽ፣ በሩ ክፍት ነው።»

ሴትዮዋ ግራ ቀኙን አየች። ሳቀች። ከዚያ ደፍ እንደሚሻገር ሰው እግሯን ከፍ አድርጋ ገባች።